ያላመመው ቁስል

ተስፋሚካኤል ሲነቃ መጀመሪያ የፈለገው ሕመሙን ነው። አጣው።

እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰዶ ሆዱን ዳበሰ። ከጎድኑ በታች ወፍራም ፋሻ ተለጥፎበታል። ጫን አለው። የሌላ ሰው ሆድ የነካ መሰለው፤ ጣቱ ሆዱን ያውቀዋል፣ ሆዱ ግን ጣቱን አያውቀውም።

ትናንት ጠዋት እሱንና ታላቅ እህቱን መሰለችን በተሽከርካሪ አልጋ ጎን ለጎን ወስደዋቸው ነበር፤ ከእሱ ጉበት ከፍለው ለእሷ ሊተክሉላት። የመሰለች ጉበት በቫይረስ አልቆ፣ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ እግሯ አብጦ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር እንኳ የምትሄደው በሰው ድጋፍ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ያሳደገችው እሷ ናት። ሁለቱ አልጋዎች በሩ ላይ ሲለያዩ፣ "አንተ ልጅ፣ ስንወጣ ደግሞ ውለታ ዋልኩልሽ ብለህ እንዳትኮራብኝ" አለችው። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አላያትም።

ታዲያ ጉበቱን የተቆረጠ ሰው እንዲህ ተንደላቆ ይተኛል?

ተስፋሚካኤል ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው። መቁረጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ብረት እንኳ፣ ያ ነፍስ የሌለው ብረት፣ ስለቱ ሲነካው ይጮሃል። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ የጋለ የብረት ፍቅፋቂ አውራ ጣቱን ቢልጠው እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል። ለጣት እንዲያ የሆነ ሰው ለጉበት ምንም? ቀኝ ትከሻው ብቻ ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዘዋል። እሱንም "ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ ናቀው።

በሩ ተከፈተና አጎቱ ጋሽ ወልደሚካኤል ገቡ፤ ከኋላቸው የሥራ ባልደረባው በዛብህ።

"እንዴት ነህ አንበሳው!" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። በእጃቸው የብርቱካን ጁስ ይዘዋል።

"መሰለችስ?"

"መሰለች? መሰለችማ ደህና ናት! ምን ትሆናለች! ተኝታለች። ደህና ናት። ይልቅ ጉሮሮህን አርጥብ።"

በዛብህ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ጨበጥ አደረገው። "ፍሬንድ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ከዛሬ ጀምሮ ዱለት ሲቀርብ፣ 'ዘመዴ ነው' እያልክ እንዳታለቅስብን። በአቦ!"

ጋሽ ወልደሚካኤል ሳቁ። ጭናቸውን መትተው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

ተስፋሚካኤል ግን ሰውነቱ በረደው። ጋሽ ወልደሚካኤል የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በቁጣቸው ነው። የሠርግ ድንኳን ውስጥ እንኳ ጥርሳቸው አይታይም። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ሲስቁ ያያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለ፣ ታይፎይድ ጥሎት ሆስፒታል ተኝቶ። ያኔም ጁስ ይዘው መጥተው ነበር። "እማዬስ?" ሲላቸው፣ "እናትህማ ጠበል ሄዳለች! ለአንተው ልትለምን!" ብለው ሳቁ። ድኖ ቤቱ ሲገባ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። እናቱ ያኔ ከተቀበረች ሰንብታለች። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህ የአገሩ ደግነት ነው። ይህ ደግነት የእናቱን ቀብር ከልክሎታል።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመለት። ሕመም የለም፤ ሳቅ አለ። እሱን ገና ሳይነኩት መሰለች ሐኪሞቹ እጅ ላይ ሞታ ቀርታለች። እሱን ፋሻ ለጥፈው አስተኝተውታል። እስኪጠነክር ነው የሚጠብቁት።

ጁሱን ተቀብሎ ሳይጠጣው ያዘው።

ያን ጊዜ ነው ሰሀር የገባችው።

አረንጓዴ የሥራ ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ በቆብ ተሸፍኗል፣ አፏ በማስክ። የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው፤ ለእሱ ደግሞ እነሱ ይበቃሉ። ያን ዓይን መጀመሪያ ያየው ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ነው፤ የአባቷ የሐጂ ኸሚስ ከባድ መኪና ተበላሽቶ፣ ያለቀ የብረት ቡሽ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ "ይሄንን የመሰለ ትሠራልኛለህ?" ስትለው። ሠራላት። ሳይጠበቅ ደግሞ ሌላ ያለቀ ነገር ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ የመኪናው ዕቃ ሁሉ አዲስ ሆኖ ሲያልቅ፣ ሁለቱ ያለ ሰበብ መገናኘት ለመዱ። ሐጂ ኸሚስ ከወሎ መጥተው በመኪናና በንግድ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ተስፋሚካኤል የባቡር ጡረተኛ የእህት ልጅ፣ እጁ ከግራሶ የማይለይ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ። ሁለቱም ይህንን ያውቃሉ። ስለማወቃቸው ግን ተነጋግረው አያውቁም።

ቀዶ ጥገናው ሳምንታት ሲቀሩት ሰሀር ስለ ማደንዘዣው ልታስረዳው መጣች፤ የሆስፒታሉ የማደንዘዣ ባለሙያ እሷ ናት። ብዙ አወራች። እሱ ግን ያየው እጆቿን ነበር። እስከ አንጓዋ ድረስ ሂና ተስሎባቸዋል፣ የሙሽራ ሂና። በዛብህ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ "የሐጂ ቤት ሽማግሌ ገብቷል እየተባለ ነው፣ ሰምተሃል?" ብሎታል። "ገባህ?" ስትለው "ገባኝ" አላት። ከዚያ በኋላ በስልክ የጻፈችለትን ሁሉ ሳይከፍት ተወው።

"እንዴት ናችሁ?" አለች ሰሀር።

"ዶክተር!" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። "እስቲ አንቺ ንገሪው። መሰለች ደህና ናት በይው፣ እኔን አላመነኝም።" ይህን ሲሉ በአንድ ዓይናቸው ሊጠቅሷት ሞከሩ። ጥቅሻ ስለማያውቁበት ሁለቱም ዓይን ነው የተጨፈነው።

"ጋሼ፣ ላየው ስለሆነ ትንሽ ይውጡልኝ።"

በዛብህ ቀድሞ ወጣ። ጋሽ ወልደሚካኤል በሩ ጋ ደርሰው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። ሹክሹክታቸው ግን እንደ ባቡር ጥሩምባ ነው። "አደራ ልጄ። አደራ።"

ያ ቃል ለተስፋሚካኤል መርዶው ነበር።

በሩ ሲዘጋ ሰሀር ከአልጋው ጎን የተሰቀለውን ትንሽ ፓምፕ አየች፤ ከእሱ የሚወጡትን ቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ጎኑ ተከትላ መረመረች።

"ሕመም አለህ?"

"ምን አስጨነቀሽ?"

"ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ። እንኳን ደስ አለሽ ደግሞ።"

"ለምኑ?"

"ለሂናው።"

ሰሀር እጆቿን አየቻቸው። ሂናው ወይቦ ጥፍሯ ላይ ብቻ ቀርቷል። "የኡምሀኒ ሠርግ ነበር" አለች። "የታናሽ እህቴ። ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጽፌልህ ነበር።"

"እሺ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሂናው የኡምሀኒ ነው። መሰለችም ተኝታለች። ዛሬ ሰው ሁሉ መልካም ወሬ ብቻ ነው የያዘው።"

ቀስ እያለ የሚያስበው ነገር ገባት።

"ተስፍሽ... ሞታለች ብለህ ነው?"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

"አልሞተችም።"

"ሰሀር፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ።" ድምፁ ተሰበረ። "ቀብሯን አትከልክሉኝ። ካልጋው ጋራ ተሸክማችሁም ቢሆን ውሰዱኝ። የእናቴን ከልክለውኛል። የእሷን አትከልክሉኝ።"

"አልሞተችም ወላሂ!"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?" ፋሻውን በመዳፉ መታው። ሰሀር እጁን ያዘችው። "ይኸው! አየሽ? ምንም የለም! አልነኩኝም እኮ! ሰው ተቆርጦ እንዲህ ይሆናል?"

ሰሀር ወጥታ በጓንት የተቋጠረ በረዶ ይዛ ተመለሰች። ክንዱ ላይ አስቀመጠችው።

"ምን ይሰማሃል?"

"ይቀዘቅዛል።"

ሆዱ ላይ፣ ከፋሻው ዳር አደረገችው። ጠበቀ። ምንም። ወደ ጭኑ አወረደችው። ዘለለ።

"የሆድህ ነርቮች ከጀርባህ ተነስተው በጎንህ ዞረው ነው የሚመጡት" አለች። "ትናንት ተኝተህ ሳለ በአልትራሳውንድ እያየሁ፣ በግራም በቀኝም መንገዳቸው ላይ ጠበቅኋቸው። ቱቦዎቹን እዚያ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ መድኃኒቱ በእነሱ ጠብ ይላል። ቁስልህ ይጮሃል፣ ጩኸቱ ግን አንተ ዘንድ አይደርስም። ይሄንን ሁሉ እንደማደርግ አስቀድሜ ነግሬህ ነበር።"

"አልሰማሁሽም።"

"አውቃለሁ። እጄን ነበር የምታየው።"

ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ልቡ ሊያምናት ፈለገ። ግን "አደራ" የሚለው ሹክሹክታ ጆሮው ውስጥ ነበር።

"አንቺ ጩኸት ማፈን ታውቂበታለሽ" አላት። "ሽማግሌ ቤትሽ ሲገባ እንኳ ሳልሰማ ነው ያስተኛሽኝ። አሁን ደግሞ እህቴን።"

ሰሀር ድንጋይ እንደተወረወረባት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ተስፋሚካኤልም በተናገረው ቃል ራሱን ጠላ። ግን አንዴ ወጥቷል። ጎኑን ደግፎ ሊነሳ፣ ራሱ ሄዶ ሊያያት፣ ወይም ሬሳዋን ሊፈልግ፣ በክንዱ ተመረኮዘ። ወዲያው ፊቱ ተጨማደደና ቀኝ ትከሻውን ጨበጠ።

"ምንድን ነው?"

"ምንም።"

"የት ነው ያመመህ?"

"ትከሻዬን ነው። ብርድ ነው፣ ተይው።"

"የቀኙ?" ድምፏ ተለወጠ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነቃሁ ጀምሮ። ምን ያደርግልሻል?"

"ነርሷ ስትጠይቅህ ለምን አልነገርካትም?"

"እህቴ ሞታ ስለ ትከሻዬ ላውራ?"

ሰሀር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም።

"አንተ ሞኝ" አለችው። "ይሄ እኮ የትከሻ ሕመም አይደለም። የጉበትህ ነው።"

"ምን?"

"ጉበትህ የተቀመጠው የምትተነፍስበት ጡንቻ ሥር ነው፣ እዚህ፣ ከሳንባህ በታች። ጉበት ሲቆረጥ ያ ጡንቻ ይቆጣል። የእሱ ነርቭ ደግሞ እንደ ሌሎቹ በጎን አይዞርም፤ ሽቅብ ወደ አንገትህ ነው የሚወጣው። አንጎልህ ይደናገርና 'ትከሻዬን' ይላል። የእኔ መርፌ እዚያ አይደርስም። ያመለጠኝ ሕመም ነው። ሌላ መድኃኒት አዝዝልሃለሁ። ግን ጉበቱን ላልተነካ ሰው እንዲህ አያመውም ተስፍሽ።"

ተስፋሚካኤል ትከሻውን እንደ ያዘ ቀረ። ያ የናቀው ጥዝጣዜ በአንድ ጊዜ ውድ ሆነበት።

"ቆርጠውኛል።"

"ቆርጠውሃል።"

"ለእሷም ሰጥተዋታል።"

"ሰጥተዋታል።"

"ታዲያ ጋሼ ለምን ሳቁ?"

ሰሀር ወደ በሩ ተመለከተች። አደራ በልታ አታውቅም። ከዚያ ዓይኗን መልሳ እሱ ላይ አሳረፈች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር ከአፏ ሳይወጣ ዓይኗ ላይ አነበበው።

"ሌሊት ደም ፈሰሳት። እንደገና ከፈቷት። ደሙ ቆሟል፣ ግን እስካሁን አልነቃችም። የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ትድናለች ብዬ አልምልልህም፤ አላውቅም። አልሞተችም ብዬ ግን እምልልሃለሁ።"

ወሬው ክፉ ነበር። ተስፋሚካኤል ግን ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ሲነሳለት ተሰማው። ከነቃ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ መራራ ነገር አላቀመሰውም፤ ማር ማሩን ብቻ። ያስታመመው የሚያስደስተውን ሁሉ ነግሮታል፣ የምትወደው ግን የሚያመውን ነገረችው። አመናት። እንባው ዝም ብሎ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

"ልጄ! አደራዬን!" ጋሽ ወልደሚካኤል ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል። "ምነው፣ ልትገድይው ኖሯል? ቁስለኛ ነው እኮ!"

"ጋሼ" አለ ተስፋሚካኤል። "የእማዬ ጊዜም እንዲሁ ነበር የሳቁት።"

ሽማግሌው የቆሙበት ደረቁ። የዚያ ጊዜ ነገር በቤታቸው ተነስቶ አያውቅም። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ደፉበት።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አሉ ከኮፍያው ውስጥ። "ያኔ እህቴን ቀብሬ ከመቃብር በቀጥታ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። ጫማዬ አፈሩን አላራገፈም ነበር። ልጁም ይከተላት ይሆን እያልኩ... ካልሳቅኩ ምን ልሁን? ሌላ አላውቅም።"

በዛብህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሚቀልደው ነገር አጥቶ ወለሉን አየ።

ተስፋሚካኤል ለዓመታት ቂም የያዘበት ያ ሳቅ ከኋላው ምን ያህል ዋይታ እንዳለበት ገና ዛሬ ሰማ። እጁን ዘረጋላቸው። ያዙት፣ ሳሙት፣ አለቀቁትም።

"በሉ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች ሰሀር ለሽማግሌው፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "አሁን ግን ይነሳ። መድኃኒቱን የሰጠሁት ተኝቶ እንዲረሳ አይደለም። በደንብ እንዲተነፍስ፣ እንዲስል፣ እንዲቆም ነው። ሐኪሞቹም ዛሬ ይቁም ብለዋል።"

አነሱት። በአንድ በኩል ሰሀር፣ በሌላ በኩል በዛብህ ፓምፑንና ቱቦዎቹን እንደ ሚዜ ተሸክሞ። ዓለም ዞረችበት፣ ቆመችለት። ከዚያ በአገናኝ መንገዱ ዝግ ብለው ሄዱ። በመስኮቱ የከሰዓቱ ፀሐይ ቃሊቲ መንገድ ላይ የተኮለኮሉትን ከባድ መኪናዎች ያበራል። ከፅኑ ሕሙማን ክፍሉ መስታወት ፊት ቆሙ።

መሰለች እዚያ ነበረች። ፊቷ አብጧል፣ አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ፀጉሯን አንዲት ነርስ በፋሻ አስራላታለች። የምትመስለው ራሷን አይደለም። ደረቷ ግን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ተስፋሚካኤል ከደረቷ ጋር አብሮ መተንፈስ ጀመረ፤ ሳያውቀው። እዚያ ውስጥ፣ ከዚያ ካበጠ አካል ውስጥ፣ የእሱ የሆነ ነገር እየለመደ ነው። "ኮርቻለሁ" አላት በልቡ። "ንቂና ተቆጪኝ።"

በዛብህ ፓምፑን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ፣ "እኔ ጋሼን ልያቸው" ብሎ ራቅ አለ። ከቀልዱ ሁሉ ያቺ መሄዱ ትበልጥ ነበር።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መስታወቱ ላይ ፊታቸው ጎን ለጎን ይታያል።

"አሁን የራስሽን ንገሪኝ" አላት። "እንደ መሰለች አድርገሽ ንገሪኝ።"

ሰሀር መስታወቱ ላይ ላለው ፊቱ ነገረችው።

"ሽማግሌ መጥቷል። ለዑበይድ። የአባባ ሸሪክ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ በሆነ ስንቴ ተመኘሁ። አባባ ጠርቶ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ።"

"ዝም?"

"ዝም። እኛ ዘንድ ልጅቷ ዝም ካለች ፈቅዳለች ነው። ታፍራለች ተብሎ ዝምታዋ እንደ ቃሏ ይወሰዳል።"

"ይሄንን እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ!" ወደ እሱ ዞረች። "ምን ልበለው? የምለው ሰው የጻፍኩለትን አይከፍትም! ሥጋህን ለመስጠት ስትዘጋጅ መጥቼ፣ 'ና ደግሞ አባቴ ፊት ቁም' ልበልህ? ይዳን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ይሄው፣ እኔም እንደ ጋሼ ነው ያደረግሁት። ላንተ ብዬ ዝም አልኩ፣ እነሱ ደግሞ ዝምታዬን ወሰዱት። ነገ መልስ ሊሰጧቸው ነው።"

ተስፋሚካኤል "እምቢ በያቸው" ሊላት አፉን ከፈተ። ምን ይዞ? ማተቡን ፈትቶ? እሷን ከሶላቷ ከአባቷ ለይቶ? በቶርኖ ቤት ደሞዝ? ከዚህ ቀደም ሁሉ ሳይነጋገሩ የዘለሉት ነገር አሁን መስታወቱ ላይ በሁለቱ ፊት መካከል ቆሟል።

"እሺ በያቸውም እምቢ በያቸውም ልልሽ አልችልም" አላት። "እኔ ምን እንደምከፍልበት ሳላውቅ አንቺን ክፈይ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ። ዝም አትበይ። እሺም ካልሽ ባፍሽ በይው። ዝምታሽ ሲድርሽ እንዳላይ።"

ሰሀር አየችው፤ ረዥም፣ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ የምትጠይቀው ነገር እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ራቅ ብላ ታወራለች ብሎ ሲጠብቅ እዚያው አጠገቡ ሆና ደወለች።

"አባባ... አሰላሙ አለይኩም። አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አይ፣ ደህና ነኝ።" ዓይኗን ጨፈነች። "አባባ፣ ስለዚያ ነገር ነው። ያኔ ዝም ያልኩት... እሺ ብዬ አይደለም። አባባ? ፈቅጄ አይደለም። ሌላ ሰው አለ። ማን እንደሆነም እኔው እነግርሃለሁ፣ ከሌላ እንዳትሰማ።"

ከስልኩ የሐጂ ኸሚስ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የተቆራረጠ፣ ቁጣ ይሁን ልመና የማይለይ። ሰሀር ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም። እንባዋ እየወረደ፣ "እሺ አባባ... አውቃለሁ አባባ..." እያለች ሁሉንም ሰማችው።

ተስፋሚካኤል ያን ሕመም ከእሷ ሊወስድላት ፈለገ። ትናንት ሳያመነታ ከአካሉ ሰጥቷል፤ አሁንም የሚቆረጥ ነገር ቢኖር፣ ቢላውን ራሱ ያቀብል ነበር። አልነበረም። ድምፁ ከስልኩ ውስጥ ቀጠለ፣ እሷም መስማቷን ቀጠለች፤ እሱም የመስኮቱን ደፍ ይዞ አጠገቧ ቆመ፣ እየፈራ፣ ወደ ክፍሉ ሳይመለስ።